ገመቹ የቋጠረው ጫፍ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ተመልሶ መጣ። ባጃጁ በር ላይ ሲቆም፣ ገና ሳይወርድ አወቅሁት። አረንጓዴ ቀለሙን የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ገመቹ በሕይወት እያለ። የኦቦ ተሬሳ የወፍጮ ሞተር ነው። ሽታው ቀድሞት ገባ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ የለመደ አፍንጫ አይሳሳትም።

ኦቦ ተሬሳም ከጉቶ ጊዳ ገጠር አብረውት መጥተዋል። መጀመሪያ ስለ ባሌ አጽናኑኝ። "ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናሽ፣ ልጄ። መንገድ ተዘግቶ ለቀብሩ አልደረስኩም" አሉ። ከዚያ ሞተሩን ዝቅ ብለው አዩትና፣ "ገመቹ የነካው ነገር በሦስት ወር አይቃጠልም ነበር" አሉ።

ልክ ናቸው። አይቃጠልም ነበር።

የመጨረሻ ሥራችን ነው። ሽቦውን የጠቀለልኩት እኔ፣ ጫፎቹን አገናኝቶ የበየደው እሱ። መጠቅለል የእኔ፣ መበየድና መሞከር የእሱ፤ ከተጋባን ጀምሮ እንዲህ ነው የሠራነው። ይህን ሞተር ካስረከብን በኋላ ገመቹ ሳምንት አልቆየም። ሆስፒታል ስንደርስ ስኳር ነው አሉን። ስኳር እንዳለበት ማን ያውቅ ነበር!

እንግዲህ ጥፋቱ ወይ የእኔ እጅ ነው ወይ የእሱ። የእኔ ይሁን ብዬ ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት ይሰማ አይሰማ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

አልከፈትኩትም። ሌላ ሌላውን ስነካካ ዋልኩ።

የእንጨት ቤቱ መጋዝ፦ ኩሽኔታው ብቻ ነበር። ቀየርኩለት፣ ጩኸቱ ቆመ።
የብረት ቤቱ ግራይንደር፦ ካርቦኑ አልቋል። ተሠራ።
የኦቦ ተሬሳ፦ ነገ።

ጫልቱ ምሳ ይዛ መጣች። የገመቹ እኅት ናት፤ እንደማልበላ ስለምታውቅ እስክጎርስ ድረስ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታፈጥብኛለች። ጥግ ላይ ያለውን አረንጓዴ ሞተር አየችው። እሷም አወቀችው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ከፈትኩት። ከሦስቱ ፌዝ፣ ከሦስቱ የመብራት መስመር ጥቅሎች፣ ሁለቱ ከሰል ሆነዋል። ሦስተኛው ግን ንጹሕ ነው፤ ያሰርኩበት ክር እንኳ እንደ ነጣ አለ።

የእኔ ጥቅል አይደለም ማለት ነው። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ በመደሰቴ አፈርኩ።

ሦስቱ ፌዝ እንደ ሦስት ጉልቻ ነው። አንዱ ከተነሳ ሸክሙ በሁለቱ ላይ ይወድቃል፣ እነሱም ይነዳሉ። አንዱ ፌዝ ጠፍቶበት እያለ ነው የሠራው። የት ነው የጠፋው? ከመንገድ መስመሩ ላይ? ከማብሪያው? ወይስ ከዚሁ ከውስጥ፣ ገመቹ ከበየደው ላይ?

ለኦቦ ተሬሳ ደወልኩ። ከመቃጠሉ በፊት ምን ሆነ አልኳቸው። ትንሽ አቅማሙ። "ጠዋት አልነሳ አለን። ያጉረመርማል እንጂ አይዞርም። የገበያ ቀን ነው፣ ሴቶቹ በቆሏቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ልጆቹ የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በእጃቸው ሳቡለትና ተነሳ! እስከ ምሳ ፈጨ፣ ከዚያ ጨሰ።"

ገጠር ያለ ወፍጮ ቤት ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ገመቹ ይህን ሲሰማ ጸጉሩን ይነጭ ነበር። "የሚያጉረመርም ሞተር ግፉኝ አላለም፣ ተዉኝ ነው ያለው" ይል ነበር።

"እንዲያ ከሆነ ጥፋቱ የኛ ነዋ" አሉኝ ኦቦ ተሬሳ። "እስቲ ልየው" አልኳቸው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ጫልቱ የኦቦ ተሬሳን ነገር ስትሰማ እጇን አጨበጨበች። "ይኸው! በራሳቸው አፍ አመኑ። የሻረግ ኮ፣ የኔ እኅት፣ ቁረጪና ጣዪው በቃ።"

እውነቷን ነው፣ መቁረጥ ብቻ ነው የቀረኝ። የተቃጠለ ጥቅል ሁሉ ተቆርጦ ይጣላል፣ የብየዳውን ጫፍ ማንም ከፍቶ አያይም። ግን ፌዙ የጠፋው እነሱ ጋ ከሆነ አዲሱም በሳምንቱ ይቃጠላል። ስለዚህ ለኦቦ ተሬሳ ደውዬ ማብሪያውንና መስመሩን በመብራት ሠራተኛ እንዲያስፈትሹ ነገርኳቸው። ከሰዓት ደወሉ። ሦስቱም መስመር ደህና ነው፣ ማብሪያውም ደህና ነው።

እንግዲያው ከውስጥ ነው።

ጫልቱ ፊቴን አይታ ገባት። ስትቆጣ በኦሮምኛ ብቻ ነው የምታናግረኝ። "መቃ ኢሳ ሂን በሌሲን!" ስሙን አታጥፊ ማለቷ ነው። ከወንድሜ የቀረኝ ስሙ ነው፣ ከተማው ሁሉ የገመቹ እጅ እያለ ነው የሚምለው አለችኝ። እኔስ ከስሙ ሌላ ምን ቀረኝ?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

በሩን ዘግቼ የብየዳውን ጫፍ ከፈትኩት።

ክሩን እሱ ነው የቋጠረው። የእሱን አስተሳሰር በጨለማም አውቀዋለሁ፤ ሁለቴ ይዞርና ጫፉን ወደ ውስጥ ይደብቃል። ያምራል። እንዴት እንደሚያምር! ክሩን ፈታሁ፣ ማልበሻውን ሳብኩ።

አልተበየደም። ሁለቱ ሽቦ ተጠማዟል እንጂ የመበየጃ እርሳስ የሚባል አልነካውም። የአንደኛው ሽቦ ሽፋን እንኳ በደንብ አልተፋቀም። በጭንቅ እየተነካኩ ሦስት ወር ቆዩ፣ ጋሉ፣ ጠቆሩ፣ ከዚያ ተለያዩ።

ገመቹ! ሽፋኑን ሁለቴ ፍቆ ወደ መስኮቱ አንሥቶ "እዪ፣ መዳቡ ያበራል?" የሚለኝ ሰው!

ቁጭ ብዬ ሳስበው ቆየሁ፣ ከዚያ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። በስኳሩ ምክንያት ዓይኑ አያይም ነበር። በዚያ ሰሞን የኤሌክትሪክ መለኪያውን እጄ ላይ ያስቀምጥና "አንቺ አንብቢው። እስከ መቼ ስትጠቀልዪ ትኖሪያለሽ፣ ልመጂ እንጂ" ይለኝ ነበር። የሦስቱን ፌዝ ቁጥር ጮክ ብዬ አነባለሁ። "እኩል ናቸው?" ይላል። "እኩል ናቸው" እላለሁ። "ጎበዝ!" ይህን ሞተር ስንሞክርም ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ ያን ቀን ሽቦው እየነካ ስለነበር እኩል ነበሩ። ባሌ ሙያ እያስተማረኝ ነው ብዬ ለጫልቱ ጉራዬን ነዝቼባታለሁ።

ለካ ቁጥሩ አይታየውም ነበር። ክሩንም በጣቱ እየዳሰሰ ነው የቋጠረው።

ለምን አልነገርከኝም? ምን ነበረበት፣ እኔ እበይደው አልነበር? ሐኪም ጋ እጅህን ይዤ እወስድህ አልነበር? ወንድ ነኝ ብለህ ነው? ተናድጄብሃለሁ፣ ገመቹ። ዛሬ እንደ ቀብርህ ቀን አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ኦቦ ተሬሳ ገበያ ወጥተው ጎራ አሉ። ጫልቱም ነበረች። ሽቦውን ሰጠኋቸው። "ፌዙ የጠፋው እዚህ ነው፣ ኦቦ። ጥፋቱ የእኛ ነው" አልኩ። ጫልቱ ሳህኗን ሰብስባ ወጣች።

ሽማግሌው ሽቦውን ዓይናቸው ሥር ይዘው አገላበጡት።

"ሲሠራው ታሞ ነበር?"

"አዎ። አያይም ነበር። እኔም አላወቅሁም።"

ሽቦውን መለሱልኝ። ኋላ ላይ፣ "እሱስ ቆሞልን ነበር። ሞተሩ አልችልም ብሎ ቆሞ ነበር፣ ቺንጋውን ስበን ያስገደድነው እኛ ነን" አሉ። ሲወጡ ደግሞ፣ "ለሰው አላወራም፣ ልጄ" አሉኝ።

"ያውሩ" አልኳቸው። "ግን ታሞ እንደነበር ጨምረው ያውሩ።"

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ትናንት ጠቅልዬ ጨረስኩ። ብየዳውንም እኔ። አያምርም፣ የልጅ አፍንጫ ይመስላል፤ ግን እያንዳንዱን ሽቦ ሁለቴ ፍቄ ወደ መስኮቱ አንሥቼ አይቻለሁ። ያበራል። ክሩንም እንደ እሱ ለመቋጠር ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም፣ በራሴ አስተሳሰር ተውኩት። የቀባሁት ቫርኒሽ በአምፖል ሙቀት ሲደርቅ አደረ።

ማብሪያውን ሁልጊዜ የሚጫነው እሱ ነበር። ዛሬ ፊቱ ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ኋላ ተጫንኩት።

ተነሳ። ማንም ሳይስበው፣ ሳያጉረመርም ተነሳ።

መለኪያውን አወጣሁና ሦስቱንም ፌዝ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ እንደ ልማዴ። ጎበዝ የሚለኝ የለም። ዘወር ስል ጫልቱ ምሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከቅዳሜ ወዲህ አናግራኝ አታውቅም።

"ለማን ነው የምታነቢው?" አለችኝ።

ስለ መለኪያው ነገርኳት፤ ሊያስተምረኝ ብቻ እንዳልነበረ፣ ስለማይታየው እንደነበረ። እዚያው በሩ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሞተሩ ይዞራል።

ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ "ደግመሽ አንብቢው" አለች።

ደግሜ አነበብኩ።

"እኩል ናቸው?"

"እኩል ናቸው" አልኳት።