ግራዝማች የወደቁበትና ያልወደቁበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል።

ከቶማ ቤት አሁን ገባሁ። ጫማዬን አላወለቅሁም። ራት አላማረኝም። ግራዝማች ወደቁ።

ማስታወሻዬ ሆይ፣ በሰባት ደቂቃ! በቴሌቪዥኑ የትግል መድረክ ገመዶች መካከል ጺማቸው የሸበተ፣ ጉልበታቸውን በጨርቅ አስረው የሚገቡ፣ ጠላታቸውን እንኳ ከመጣላቸው በፊት አንድ ጊዜ ትክ ብለው የሚያዩ፣ እኔ ራሴ ስለ ክብራቸው «ግራዝማች» የሚል ማዕረግ የሰጠኋቸውን አዛውንት፣ ትግል ከጀመረ ገና ሦስት ወር ያልሞላው፣ ገላውን ዘይት ተቀብቶ የሚመጣ፣ ከመታገል ይልቅ ጸጉሩን በማስተካከል የሚደክም አንድ ጎረምሳ (እኔና ቶማ «ባለዘይቱ» የምንለው) ጀርባቸውን ምንጣፍ አስነክቶ፣ ዳኛው ምንጣፉን ሦስት ጊዜ መትቶ፣ የአሸናፊነቱን ቀበቶ አስረከበው።

ወጣቶቹ ሬስሊንግ የሚሉት ይህ ትግል አሸናፊው አስቀድሞ በቢሮ የሚወሰንበት መሆኑን የማላውቅ አይደለሁም። ቶማም ያውቃል። ቅር የሚለኝ መወሰኑ ሳይሆን አወሳሰኑ ነው። ያልተጠበቀ ሽንፈት የረጅም ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽን ይመስላል፤ መጨረሻ ላይ ሲመጣ ያስደነግጣል፣ ነገር ግን ከፊቱ የተደረደረው ሁሉ እርሱን ሲጠራ እንደ ነበር አንባቢው ወዲያው ይረዳል። የዛሬው ግን ማሰሪያ ብቻ ነው። ባለቤት የለው፣ ተሳቢ የለው። ሠላሳ አራት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንዲህ ያለውን በቀይ ስሰርዝ ኖሬአለሁ።

ከዚህ የሚብሰውን ልጻፍ።

ቶማ ጎረቤቴ ነው። ልብስ ሰፊ፤ ከወላይታ መጥቶ እዚህ ጂንካ የከረመ፤ በጸሎት ቤቱ ሽማግሌ፤ እኔ ስጾም የሚያሾፍብኝ፣ እነርሱ በጊታር ሲዘምሩ የማሾፍበት። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ከጋረዳቸው ዓመት ሊሆን ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ እርሱ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ከጎኑ። ትግሉን የሚያሳየው የዓረብ ጣቢያ በዓረብኛ ይለፈልፋል፤ እኔ በአማርኛ እተርካለሁ።

ዛሬ ጠዋት ለመዘምራን የሰፋው ካባ አንድ እጅጌው ወደ ኋላ ዞሮ ተገኘ። ልጅቱ ለብሳው «አባባ ቶማ፣ ከኋላዬ ላጨብጭብ ነው?» አለች። ሰው ሳቀ። ቶማም ሳቀ። መቀሱን አስቀምጦ ግን እጅጌውን ደጋግሞ ዳበሰ። እንግዲህ በዚያው ቀን፣ ግራዝማች በተዘረሩበት ቅጽበት፣ ወደ እኔ ዞሮ «ተነሡ?» አለኝ።

ተነሡ አልሁት።

ቀበቶውስ? ከእርሳቸው ጋር ነው አልሁት። በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ።

የቶማ ቴሌቪዥን ደግሞ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየደበዘዘ ነው። ሚስቱን አስቴርን አቧራውን ጥረጊው ብላት ጠርጌዋለሁ ጋሼ አለች። በነጠላዬ ጫፍ ራሴ ጠረግሁት። አልጠራም። ዕቃም ያረጃል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጠዋት።

ወሬው ወጥቷል። በቶማ በር ሳልፍ፣ የልጇን ዩኒፎርም ልታሰፋ ከጎረቤት ከተማችን ከገዘር በሚኒባስ ለመጣች እናት ግራዝማች በሁለተኛው ቈጠራ እንዴት እንደ ተነሡ ሲነግራት ሰማሁ። ባለዘይቱን በገመዱ ላይ አሻግረው እንደ ወረወሩትም ጨመረላት። ይህን እኔ አላልሁም። ሴትዮዋ የጠየቀችው ስለ ዩኒፎርሙ ዚፕ ብቻ ነበር።

አንድ የባጃጅ ነጂ ቆሞ ኖሮ፣ ኧረ አባባ፣ ሆቴል ቤት አይቼዋለሁ፣ ወድቀዋል፣ ብሎ ሙጭጭ አለ። ቶማ መርፌውን ቀስሮ፣ «አንተ አይተህ ነው። እኔን መምህር ነው የነገረኝ!» አለው። ሰውየው ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። እኔም አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ።

ከሰዓት በኋላ አስቴር ቤቴ መጣች። በኅዳር የመጀመሪያው ሳምንት የዓይን ሐኪሞች ወደ ሆስፒታሉ እየመጡ ነው፤ ሞራ ይገፍፋሉ፤ መመዝገብ ተጀምሯል። ቶማ ግን ጌታ በጊዜው ይከፍተዋል ብሎ እምቢ ብሏል። እርስዎን ይሰማልና ይንገሩልኝ አለች። ሦስት ደንበኞች ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄደዋል። ካባውን እስካሁን አላስተካከለውም፤ እጅጌውን እየዳበሰ ይውላል።

እሺ አልኋት። ዓይኑ ቢበራ እኔን ምን እንደሚያገኘኝ እያሰብሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16። ማምሻውን።

አስጨናቂ ከሰዓት። ባለዘይቱ ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጥሎ ገባ። ቶማ የየታጋዩን መግቢያ ሙዚቃ ይለያል፤ ሕዝቡ ለምን እንዲህ ይጮኻል አለኝ። ቀበቶውን ይዞ መጥቷል አልሁ፤ ማፈግፈጊያ አልነበረኝም። እንዴት ሆኖ? ግራዝማች፣ አልሁ፣ በሕመም ወገባቸው ቀጥኖ ቀበቶው ቢሰፋቸው፣ ሊያሳጥሩት ለባለሙያ ሰጥተው፣ ይህ ባለጌ ከዚያ ነጥቆት ሄደ።

የእርሱን ሙያ መንካቴን ረስቼ ነበር። ቶማ ከአግዳሚው ተነሥቶ ስንት ጣት እንደሚያሳጥሩት፣ ከየትኛው ጫፍ እንደሚቈረጥ፣ ዘለበቱ እንደሚነቀልና እንደማይነቀል ጠየቀኝ። ሁለት ግጥሚያ በዚህ አለፈ። በመጨረሻም ዓረቡ ምን ይላል አለኝ። ዓረብኛ የግዕዝ ዘመድ ነውና ቍጥሩን፣ «ራስ»ንና «እጅ»ን እለያለሁ፤ የቀረውን በትጋት እሞላለሁ። ዓረቡ ነገሩን አጥብቆ እያወገዘ ነው አልሁት።

ባለዘይቱንማ በቢሮ ያሉት ድልድል አውጪዎች ማንም ሳይለምናቸው እንደ ድንች ጆንያ ወደ ላይ ይገፉታል፤ በየሳምንቱ ያሸንፋል፤ ለምን እንዳሸነፈ እርሱም አያውቅም። ሆኖም፣ ማስታወሻዬ ሆይ፣ እውነት ልናገር፤ እነዚያን ድልድል አውጪዎች ይህን ያህል ዘመን ስወቅስ ኖሬ፣ ዛሬ ራሴ ድልድል አውጪ ብሆን፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እነርሱ በዓመት የማይሠሩትን ስሕተት ሠራሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20።

የዓይን ሐኪሞቹን ነገር ለቶማ ነገርሁት። በሦስት ክፍል፣ በመግቢያ፣ በሐተታና በማጠቃለያ። በትዕግሥት ሰማኝ። ቢበላሽስ አለ። አሁን ብርሃንና ጨለማ እለያለሁ፤ እርሱም ቢጠፋስ? ከዚያ ሣቅ ብሎ እጄን ፈልጎ ያዘኝ። ካባ በጣቴ እሰፋለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱስ አስቴር ታነብልኛለች፤ ግራዝማችን ደግሞ በአንተ አፍ አያቸዋለሁ፤ ከማየት ይበልጣል፤ ዓይን ምን ያደርግልኛል?

ሠላሳ አራት ዓመት ስናገር እንዲህ ያለ ምስጋና አልሰማሁም። እንዲህ ያለ ክስም።

አስቴር እስከ በር ሸኘችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ባያሳምሩለትስ?» አለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23። ከምሽቱ 1 ሰዓት።

ልጽፈው አፍራለሁ። እጽፈዋለሁ።

ቆርጬ ሄድሁ። ድርቅ ያለ ዘገባ። አንዱ መታ። ሌላው መታ። አንዱ ወደቀ። ቶማ አዛጋ፤ ታመሃል ወይ አለኝ። አስቴር ከጓዳ በራስዋ ነቅንቃ አበረታታችኝ። እንዲህ እያልሁ ወደ መንገዱ እየመጣሁ ሳለ የግራዝማች ደወል ተደወለ።

ከዚያ ወዲያ ስለ ሆነው ነገር ኃላፊ አይደለሁም። ግራዝማች በማዕዘኑ ገመድ ላይ ወጡ። ተነሣሁ። ነጠላዬን ወረወርሁ። ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ፣ የአግዳሚውን ትራስ በብብቴ ይዤ፣ አንገት አያያዛቸውን፣ መጀመሪያ በግራ ክንድ አንቀው፣ ቀጥለው በዳሌ አንሥተው፣ በመጨረሻም እንደ ነዶ አዙረው እንዴት እንደሚጥሉ፣ ለማያይ ሰው አሳየሁ። ባለዘይቱ ለመነ። ሕዝቡ አለቀሰ። ትራሱ ተዘረረ። አንድ! ሁለት! ሦስት! ብዬ ላቤን ጠረግሁ።

ትራሱን አነሣሁ።

«መምህር፣» አለ ቶማ፣ «መብራት ከሄደ ቆየ እኮ።»

ዞርሁ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው።

«የጎረቤት ወፍጮ ዝም ካለ ስንት ጊዜው! እርስዎ ግራዝማችን ከገመዱ ሳታወርድ ነው የሄደው።» (ከእርስዎ ጀምሮ በአንተ መጨረስ ልማዱ ነው።) «አላቋረጥሁህም። ጥሩ እየሄደ ነበር።»

አስቴር በነጠላዋ አፍዋን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። እኔ ትራሱን አቅፌ ቆሜአለሁ።

«የዚያን ዕለትም ወድቀዋል፣» አለ ቶማ ቀስ ብሎ። «ዳኛው በመዳፉ ምንጣፉን ሦስት ጊዜ መታ። ጆሮዬ ላይ ሞራ የለም።»

ታዲያ ስለምን ዝም አልህ አልሁት።

«ድምፅህ ተሰበረ። ሊያለቅስ ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ለሰው ሁሉ ተነሥተዋል አልሁ፤ መምህር ዋሸ እንዳይሉህ።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ማስታወሻዬ ሆይ፣ እኔ ስለ እርሱ ስዋሽ፣ እርሱ ስለ እኔ ከባጃጅ ነጂዎች ጋር ሲጣላ ከርሟል። ተቀመጥሁ። በአፌ ምክንያት ዓይንህን የምታጣ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አንዲት ቃል አልተርክልህም፤ ይህ ቁርጥ ነው አልሁት። መቀሱን አነሣ፣ አስቀመጠ።

እሄዳለሁ አለ። ፈርቶ ነው ያለው፤ ድምፁ ያስታውቃል። ግን አንተም ትመረመራለህ አለኝ። እኔ ለምን? «አስቴር የጠረገችውን ቴሌቪዥን በነጠላህ እንደገና ስትጠርግ ሰምቼሃለሁ። አቧራው የት እንዳለ ይንገሩህ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3።

ሆስፒታል ዋልን። ረጅም ሰልፍ። ቶማ ክንዴን አልለቀቀም፤ ክንዴ ደንዝዟል።

እርሱ ነገ እንዲገባ ተነገረው፤ አንድ ዓይኑ በመጀመሪያ። እኔን አንዲት የልጅ ልጄን የምታህል ሐኪም መብራት አብርታ አየችኝና የቀኝ ዓይንዎ ሞራ አለው አለች። ጉድለቱ የቴሌቪዥኑ መሆኑን በቂ ማስረጃ ጠቅሼ አስረዳኋት። «አባቴ፣ ቴሌቪዥኑን ይዘውት መጥተዋል?» አለች። ቶማ ከበሩ ውጭ ሆኖ ሲስቅ እስከ ውስጥ ይሰማል።

ዓርብ ተቀጠርሁ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 5።

የዓይኑ መሸፈኛ ጋዝ ተነሣለት። ያያል!

መጀመሪያ አስቴርን አየ። ረጅም ጊዜ። እርስዋ ሻሽዋን አስተካከለች፤ ደግማ አስተካከለች። ቀጥሎ እኔን አየና «መምህር፣ እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?» አለኝ። ጌታ ይመስገን አለ። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ። በዚህ ብቻ ሳንከራከር ቀረን።

ሐኪሟ ዕረፍት ብላዋለች፤ እርሱ ቤቱ እንደ ገባ የመዘምራኑን ካባ አስወርዶ እጅጌውን ተረተረው። ሲሰፋ አይቼው ደስ አለኝ። ከደስታዬ ሥር ግን አንዲት ትንሽ ነገር ትቧጥጠኛለች። የፊታችን ቅዳሜ እኔ ምን ልሠራ ነው?

ነገ የእኔ ተራ። ፈራሁ። ለቶማ አልነገርሁትም። ልብሴን ሲያይ አወቀ፤ ቁልፎቹን አዛንፌ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። ማምሻውን።

ፊደሎቼ እንደ ጎመን ቅጠል ተልቀዋል። መስመሩ አይታየኝም። ቀኝ ዓይኔ ላይ ጋዝ፤ መነጽሬ በጋዙ ላይ አልቀመጥ ብሎ ኪሴ ውስጥ። ሐኪሟ ዛሬ ሰልፉ በዝቶባት ጋዙን መፍታቱን ለነገ አሳድራዋለች፤ እስከዚያ እንዲህ ነኝ።

ቦታ ተለዋወጥን። እኔ አግዳሚው ላይ፣ ቶማ ከጎኔ። ግራዝማች ቀበቶውን ለማስመለስ ከባለዘይቱ ጋር። ንገረኝ አልሁት።

ሰው እንዲህ ይተርካል? የባለዘይቱ ቁምጣ በጎኑ ሊተረተር ነው አለኝ። ክሩ ርካሽ ነው አለኝ። የግራዝማች ላስቲክ ላልቷል፤ ካባቸውን ማን እንደ ሰፋላቸው እንጃ እንጂ ገበሩ ጥሩ ነው አለኝ። ማን እየመታ ነው ብል፣ «ቆይ፣ ዚፑን እያየሁ ነው፣» አለኝ። በሥቃይ ውስጥ ነበርሁ።

ከዚያ ከባድ ነገር ወደቀ። ወፍጮው እያጓራ ነው፤ መብራት አልሄደም። ሕዝቡ ጮኸ። መዳፍ ምንጣፉን መታ። አንድ። መታ። ሁለት።

መታ።

ቶማ ትንፋሹን ዋጠ።

«ተነሡ?» አልሁት።

እጁ ክንዴ ላይ መጣ።

«ተነሡ፣» አለኝ።

«ቀበቶውስ?»

«ወገባቸው ላይ ነው። አሳጥረውት በልካቸው ሆኗል።»

ድምፁ ትንሽ ተሰብሯል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ነገ ጋዙ ይፈታልኛል፤ ስለ ዛሬው ግጥሚያ ግን ማንንም ላለመጠየቅ ወስኛለሁ። ያ የባጃጅ ነጂ ወድቀዋል ቢለኝ ቶማ ነው የነገረኝ እለዋለሁ።