የወለላ አንቀልባ

ረቡዕ

አንቀልባውን ሰው ጀርባ ላይ አየሁት። ከግራ ጥግ የጎደለችው ዛጎል ሳትቀር።

ለጃንሆይ የዘውድ በዓል እዚህ ጎባ ሜዳው ላይ «የዱሮ መንደር» ሠርተዋል። ሁለት ጎጆ፣ ወፍጮ፣ የንብ ቀፎ፤ ከሪራ ገጠር የመጡ ሰዎች ይኖሩበታል። ልጄን ማስረሻን የወሰድኳት እንድትደሰት ብዬ ነበር። አራት ዓመቷ ነው፤ ካልፈጨሁ ብላ አስቸገረችኝ። ሐሊማ የምትባል ወጣት ልጇን አዝላ ትፈጫለች፣ የከተማው ሰው ቆሞ ያያታል። ቤቷም የምትሠራው ይኸንኑ ነው። ዱሮ የሚሉት እሷን ነው እንግዲህ።

በኦሮምኛ አዋራኋት። አንቀልባውን አዘጋጆቹ ናቸው የሰጧት። «የኔ ነበር» አልኩ ሳላስበው። ደስ አላት። ልጇን ባወረደች ቁጥር፣ ከሷ ልጅ በፊት የታዘለችበትን ልጅ «ሃ ጉደቱ»፣ ትደግ፣ ብላ እንደምትመርቅ ነገረችኝ። ስሟ ማነው አለችኝ።

«ማስረሻ» አልኩ። ምን ነካኝ?

ሐሙስ

ባለቤቴን አፋጠጥኩት። መሥሪያ ቤታቸው የዱሮ ዕቃ ያለው ያውስ ቢል ከሣጥኑ አውጥቶ ሰጥቷል። ሳይጠይቀኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ አልነካሽውም እኮ» ይለኛል። አለመንካቴ የትም ይሂድ ማለት ነው?

ወለላን ያዘልኩበት ነው። የመጀመሪያ ልጄን። በአሥር ወሯ ኩፍኝ ወሰዳት። ማስረሻን በነጠላ አዘልኳት እንጂ ያን ቆዳ አላስነካኋትም። እኅት እንደነበራትም አልነገርኳት። ስሟን ያወጣሁላት እንድታስረሳኝ ነው።

አሁን በሟቿ ምትክ የደህናዋን ስም ሰጠሁ። በገዛ አፌ። ሞቱ ወደ ማስረሻ እንዳይዞር ፈርቻለሁ።

ዓርብ

ማስረሻ ታስላለች። ግንባሯን አሥር ጊዜ ዳሰስኩ፤ ትኩሳት የላትም። ምሳዋን በላች። ደግሞ ሳለች።

ከሰዓት በኋላ አሻንጉሊቷን በፎጣ አዝላ «ሃ ጉደቱ» ስትላት ሰማሁ። ለአባቷ አልነገርኩትም፣ ይስቅብኛል።

መንደሩ እሑድ ይፈርሳል። ሐሊማ ሪራ ከገባች የት አባቴ አገኛታለሁ? ነገ ሄጄ እውነቱን ካልነገርኳት ይህቺንም የማጣት ይመስለኛል።

ቅዳሜ

ማስረሻን ጎረቤት ልተዋት ብል አለቀሰች፣ ይዣት ሄድኩ። ሳሉ ለቋታል።

ሐሊማ ልጇን ታጠባለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ዋሸሁሽ አልኳት። በአንቀልባው የታዘለችው ወለላ ናት፣ ሞታለች፤ ከፈራሽ መልሽልኝ።

አንቀልባውን ከጎኗ አንሥታ ቆዳውን በመዳፏ ዳበሰችው። «ገና ሲሰጡኝ አውቄያለሁ» አለች። «አልተለጠጠም። ከባድ ልጅ አላዘለም።»

«ታዲያ ትደግ የምትያት ለምንድን ነው?»

«ሌላ ምን ልበላት?»

አለቀስኩ። ሰው ያየኛልም አላልኩ። አንቀልባው ለልጅሽ ይሁን ብያት ተነሣሁ።

ስንመለስ ማስረሻ እጄን ይዛ ትጠይቀኝ ጀመር። ለካ ኦሮምኛውን ሁሉ ሰምታለች።

«ወለላ ማናት?»

«እኅትሽ። ታላቅሽ ነበረች።»

«ስትሞት ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዓመት አልሞላትም።»

ጥቂት ሄድን።

«እኔ አራት ነኝ» አለች። «ታዲያ ታላቋ እኔ ነኛ።»

አዎ አልኳት መሰለኝ። እጄን አልለቀቀችም።