ከሞትክ በኋላ የላክሁልህ ፎቶዎች

አባባ፣

ዛሬ ተናድጄ ነው የምጽፍልህ። ቢሆንም ሰላምታ አልነፍግህም፤ አሰላሙ ዓለይኩም። ከሄድክ ሰባት ወር ሆነህ። ለእኔ ግን ስድስት ነው። አንዷን ወር ሰርቃችሁኛል፣ አንተም አለህበት።

ማዳም ለእረፍት ቤተሰቧን ይዛ አውሮፓ ልትሄድ ነው፣ ለልጆቹ ብላ እኔንም ልትወስደኝ ነው ብዬ ከጅዳ ስደውልልህ፣ መጀመሪያ የጠየቅኸኝ የት ከተማ ብለህ ነበር። ፕራግ ስልህ በደስታ ጮህክ። እዚያ አደባባይ ላይ ስንት መቶ ዓመት የኖረ ሰዓት አለ፣ ዛሬም ይሠራል፣ ቀረብ ብለሽ አንሺልኝ፣ የሰው ጭንቅላት እንዳይጋርደው አልከኝ። ዕድሜህን ሙሉ ደሴ ፒያሳ በዚያች ጠባብ ሱቅ የሰው ሰዓት ስትፈታና ስትገጥም ኖረህ፣ ዓረብ አገር ካለች ልጅህ የለመንከው ነገር ይሄ ብቻ ነበር። እንዴት እንቢ እልሃለሁ?

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ማዳም ከሆቴላችን ሰፈር አላራቀችንም። ሰዓቱ ጋ የደረስኩት በአሥረኛው ቀን ነው። አንተ ከተቀበርክ ሳምንት ሆኖህ ነበር፣ እኔ ግን ምን አውቄ። በየሰዓቱ ከላይ ሁለት መስኮት ይከፈትና ሐውልቶቹ በተራ ብቅ ይላሉ፣ ከጎን የቆመው አጽም ገመድ እየሳበ ይደውላል። ልጆቹን አይስክሬም አስይዤ፣ በቱሪስት መሃል ተጋፍቼ ቀረጽኩና በወንድሜ በሰይድ ስልክ ላክሁልህ። ሰይድ ወዲያው መለሰ። አባባ አይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ከጎን በኩልም አንሺልኝ ይላል አለኝ። ሄጄ አነሳሁ። በማግስቱ ደግሞ ድልድዩን ይላል፣ ከዚያ ቤተ መንግሥቱን፣ ከዚያ ድንጋይ የተነጠፈበትን መንገድ። ሁሉንም አነሳሁ። ማዳም ልጆቹን ጥለሽ የት ነው የምትጠፊው ብላ አደባባይ ላይ ጮኸችብኝ። ሁለተኛ ብትሄጂ ኢቃማሽ ኸላስ፣ በመጣሽበት ትመለሻለሽ አለችኝ። እኔ ግን ኢቃማዬን፣ የሥራ ወረቀቴን፣ አደጋ ላይ ጥዬ የሞተ ሰው ትእዛዝ ስፈጽም ከረምኩ።

ሰይድን ድምፁን አሰማኝ ስለው ጉሮሮው ተዘግቷል አለኝ። አመንኩት። እኔ ነኝ ይሄን ያመንኩት! ጅዳ ሩዋይስ ሰፈር በተከራየናት ክፍል አብራን ትኖር የነበረች ልጅ እናቷ ስትሞት ሁለት ወር ደብቀናታል። ደህና ናት፣ ገበያ ወጥታ ነው እያልኩ ዓይኗን እያየሁ የዋሸሁት እኔ ነበርኩ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ። ስትሰማ ለምን በጥፊ እንዳልመታችኝ አሁን ነው የሚገርመኝ።

ጅዳ በተመለስኩ በመጀመሪያው ጁምዓ እህትህ አክስቴ ዘሀራ ለምሳ መካ ነይ አለችኝ። ሚስፈላ ሰፈር ቤቷ ስገባ የወሎ ሴቶች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። አገር ቤት ቢሆን ከነጠላቸው አጣጣል ገና በር ላይ ይገባኝ ነበር። እዚህ ግን ሠርግም ሐዘንም ያው ጥቁር ዓባያ ነው፣ ከምን ልለይ? ለመምጣቴ የተሰበሰቡ መስሎኝ ደስ አለኝ። ስልኬን አወጣሁና ፎቶ ማሳየት ጀመርኩ፣ አባባ! ይሄ ድልድዩ ነው፣ ይሄ ቤተ መንግሥቱ፣ ይሄ ደግሞ አባቴ ያዘዘኝ ሰዓት እያልኩ። አንዷ ለአንዷ ስልኩን እያቀበሉ ማሻአላህ፣ ማሻአላህ ይላሉ። ማን ይጀምር ብለው ተፋጥጠው ነበር ለካ። ዘሀራ ጋ ሲደርስ ስልኬን ደረቷ ላይ አቅፋ ጮኸች። መርዶዬን የሰማሁት እንዲህ ነው፣ አፌ ሳቁን ሳይጨርስ።

ሰይድን ስልክ ላይ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። እያለቀሰ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ አባባ ነው ያዘዘኝ አለኝ። ልትሞት ስትል፣ ብቻዋን በሰው አገር እንዳትሰማ፣ ዘመድ መሃል ስትሆን ንገሯት ብለህ ነበር። አሁን እኔ ልጠይቅህ፣ ማን አማከረህ? አትችልም ብሎ ማን ነገረህ? ያንን ሁሉ ዓመት ብቻዬን የቻልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? ቢነግሩኝ የሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ውሃውን ከፍቼ አለቅስ ነበር። መጥፎ ለቅሶ ነው፣ አውቃለሁ። ግን የራሴ ነበር።

ሱቅህን ሰይድ የሞባይል መጠገኛ አድርጎታል፤ ሳይጠገኑ የቀሩትን ሰዓቶች ለባለቤቶቻቸው መልሷል። ያስለመዳችሁኝን ጠባይ ደግሞ ስማ። እማማ ደህና ናት ሲሉኝ አላምንም። ቪዲዮ ክፈቱ እላለሁ፣ ዞር በይ፣ ተነሺ፣ ሁለት እርምጃ ሂጂ እላታለሁ። ምስኪን፣ እየሳቀች ትሄድልኛለች። ወላሂ፣ ብታመም እነግርሻለሁ ብላ እንድትምል አድርጌያታለሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን እንደገና መጠራጠር እጀምራለሁ።

ዑምራም አድርጌልሃለሁ። ዘሀራ እጄን ይዛ ነበር። ካዕባን እየዞርኩ ጠዋፉን የጨረስኩት በንዴት ነው፤ አላህ ይማረኝ፣ ግማሹ ዱዓ ግማሹ ክርክር ነበር። አንተንም ይማርህ። ከልቤ ነው።

ከሰይድ ሌላ ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ፤ ለአንተ ግን ልንገርህ። ሰይድን የሞትክበትን ቀንና ሰዓት ጠየቅሁት። ማክሰኞ እኩለ ቀን፣ ዙህር አዛን እንዳለ አለኝ። የደሴንና የፕራግን የአንድ ሰዓት ልዩነት ቀነስኩና ስልኬ ውስጥ ፈለግሁ። በዚያ ሰዓት አንድ ፎቶ አለኝ። ሆቴላችን አጠገብ ካለ ሌላ ትንሽ ድልድይ ላይ ነኝ፣ የማላውቃት ሴት ናት ያነሳችኝ፣ ነፋሱ ሻርፔን ወስዶት ልይዘው እየሮጥኩ ጥርሴ እስኪታይ እስቃለሁ። ለሰይድ ሳሳየው አጥፊው፣ ነውር ነው አለኝ።

አላጠፋውም። ሰደቃህን እነሱ በፈለጉት ቀን ያውጡ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ የማስብህ በዚያች ማክሰኞ፣ ያንን ፎቶ ከፍቼ ነው። እኔ እየሳቅሁ፣ አንተ እየሞትክ። ሁለታችንም በዚህች ዓለም ላይ የነበርንበት የመጨረሻው ሰዓት እሱ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አይደብቀኝም።

ልጅህ