በኪራይ ክፍል እንዳትዞር ስለተከለከለችው የስፌት መኪና

እታለም አገኘሽ፣ እንደምን አድረሻል? ትልቁን መቀስ ስፈልግ ሰንብቼ ከትራስሽ ሥር አገኘሁት። ለምን እዚያ እንዳስቀመጥሽው ስትነግሪኝ እንስቅበታለን። ዛሬ ለጋሽ ባንተአምላክ ደብዳቤ ልጽፍ ነውና አትቆጭኝ። «ለታላቅ ሰው ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል» ያልሽኝን አልረሳሁም፤ እጠይቃለሁ። «ስም የሌለው ደብዳቤ የፈሪ ነው» ያልሽኝንም አከብራለሁ፤ ስሜን ከግርጌ አሰፍራለሁ። ከምክርሽ የምወጣው በአንዱ ብቻ ነው፤ «ዝም በል ጀምበሩ፣ ይለፍ» ትይኝ በነበረው። ዝም ብለን ነበር እኮ፤ አላለፈም።

ለተከበሩ አቶ ባንተአምላክ
የግቢያችን ባለቤትና የመንገዳችን አከራዮች ሰብሳቢ
ገንዳ ውሃ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን የእማማ ዝናሽን፣ እንዲሁም በግቢያችን መካከል እየተፈታታ የሚጠገነውን የትራክተርዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ትራክተሩ ባለፈው ሳምንት ከማለዳ እስከ ምሳ ሰዓት ሲያስል ስለሰማሁት በተለይ ለእርሱ ምሕረት እንዲወርድለት እመኛለሁ።

እኔ ከውሃው በርሜል አጠገብ ያለችው የሦስተኛዋ ክፍል ተከራይ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ መስከረም ሃያ አራት ቀን የቀበርናት የሰፊዋ የአገኘሽ ወንድም ነኝ። ደብዳቤዬን በግልጽ ማድረጌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። የእርስዎ ማስታወቂያ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው በትልቁ በር ላይ በአራት ምስማር ስለተመታ፣ መልሱን በታሸገ ፖስታ ማቅረብ ለማስታወቂያው ክብር የማይመጥን ሆኖ ታየኝ።

እንደሚያስታውሱት ባለፈው ሐምሌ በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሰባት አከራዮች በእርስዎ በረንዳ ላይ ተሰብስባችሁ ተከራይ በተከራየው ክፍል ውስጥ እንዲኖር እንጂ እንዲሠራ አይፈቀድለትም ብላችሁ ወሰናችሁ፤ ሰባታችሁም ፈረማችሁ። እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ መኖርና መሥራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ገለጉ ያሉት እናትና አባቴም፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላና ሰሊጥ ሲዘሩ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ ልዩነቱን ሳያስተምሩን ነው ያሳደጉን። እርስዎ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ነገ እሑድ ደግሞ በዚያው በረንዳ ላይ የእኔን ጉዳይ እንደምታዩ ተነግሮኛል። ጉዳዩ አጭር ነው። የእኅቴ የስፌት መኪና በክፍሏ ውስጥ ትዙር ወይስ ትውጣ? ከትምህርት መልስ እየሰፋሁ የክፍሏን ኪራይ ካልከፈልሁ ወደ ገለጉ እመለሳለሁ፤ ከገለጉ በየቀኑ ተመላልሶ እዚህ የሚማር ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አልተወለደም። ስለዚህ ነገ የምትወስኑት ስለ አንዲት መኪና ብቻ አይደለም፤ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መድረስ አለመድረሴንም ነው። ይህን ሸክም በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመሸከም ፈቃደኛ ስለሆናችሁ ከውሳኔው በፊት ጥቂት ቅሬታዎቼን ላቀርብ እወዳለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቆጣሪው። መኪናዋ ቆጣሪዎን እየበላች እንደሆነ በማስታወቂያው ሁለተኛ መስመር ጠቅሰዋል። መኪናዋ በእግር የምትረገጥ መሆኗን እኅቴ ሦስት ጊዜ፣ እኔ ሁለት ጊዜ በትሕትና አስረድተንዎ ነበር። ሰኔ ውስጥ መብራት ለስድስት ቀን በጠፋ ጊዜ የመኪናዋን ድምፅ ሰምተው መብራት የመጣ መስሎዎት «ዝናሽ፣ ፍሪጁን ሰኪው!» ብለው ከበረንዳዎ የተጣሩትን መላው ግቢ ያስታውሳል። ያን ቀን እኅቴ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን በጨርቅ ሸፍና ነበር። ከሞተች ወዲህ ሳቋን ሳስብ በፊቴ የሚመጣው ያ ቀን ስለሆነ ለዚህ ትዝታ ባለ ዕዳዎ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ድምፅ። የመኪናዋ ድምፅ የግቢውን ሰላም እንደሚነሣ ጽፈዋል። ከዚህ ግቢ ሰላም ጋር የተዋወቅሁት በትራክተሩ በኩል ስለሆነ ልከራከርዎ አልደፍርም። ነገር ግን እርስዎ መስመሩ እንደ ምላጭ የተተኰሰውን ካኪ ሱሪዎን ለብሰው፣ በገመድ በተታታችው አንገረብ አልጋ ላይ ጋደም እንዳሉ፣ በሁለት ስልክ ሰሊጥ ሲያደራድሩ ይውላሉ። የአብደራፊን ዋጋ በአንዱ፣ የጎንደርን በሌላው እየሰማን ነው የምናጠናው። ሁለቱ የኋላ ክፍሎችም እስከ ጣሪያቸው ድረስ ጆንያ ናቸው። መጀመሪያ ይህ በቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ መስሎኝ ተሳስቼ ነበር። ኋላ ግን ሥራ እንዳልሆነ ተረዳሁ፤ ሥራ ቢሆን ኖሮ ሕግ አክባሪው ሰብሳቢያችን በቤታቸው አይሠሩትም ነበር።

በዚሁ ቁጥር ሥር የጎረቤቴን የሙባረካን ጉዳይ አነሣለሁ። ሙባረካ ጦርነቱን ሸሽታ ድንበሩን የተሻገረች፣ በሁለተኛዋ ክፍል ሹሩባ እየሠራች ሁለት ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። ሹሩባ ድምፅ የለውም፤ ቆጣሪም አይበላም። ቢሆንም ተከልክላለች። ለምን እንደሆነ ስትጠይቅዎ «ለአንዷ ከፈቀድሁ ለሁሉም ልፈቅድ ነው» አሏት። እርሷም «ማፊ ሙሽኪላ» ብላ ገባች። በአገሯ ቋንቋ ችግር የለም ማለቷ ነው። ችግር የሌለበት ሰው እንደዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ረዘም ይላል፤ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

እኅቴ ቀሚስም ዩኒፎርምም ትሰፋ ነበር፤ ስሟ የወጣው ግን በሌላ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎና ከበለሳ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች፣ እኛ ሳሉግ የምንላቸው፣ የክረምት ድካማቸውን ገንዘብ ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዘራፊ የማይጠፋበት መንገድ እንዴት እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ስለዚህ እታለም በሱሪያቸው ውስጥ ከውጭ የማይታይ፣ ተዳብሶ የማይገኝ ኪስ ትሰፋላቸው ነበር። የእያንዳንዱን ሰው ኪስ በተለየ ቦታ ታደርገዋለች፤ የማን የት እንደሆነ ለእኔ እንኳ አትነግረኝም። በልብሱ ላይ ስም አትጽፍም፤ ባለ ቀለም ክር ትቋጥርበትና ቀለሙን ለባለቤቱ ብቻ ትነግረዋለች። አዛናው የሚባል አንድ ጎጃሜ «እኅት ዓለም፣ ይቺን ኪስ እኔና አንቺ እንወቃት፤ ሚስቴማ አገር ስገባ ራሷ ታገኛታለች» ብሎ አስቆን ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ በገበያ መካከል አይሠራም፤ ገበያው ሁሉ ካየው ኪሱ ምስጢርነቱ ይቀራል። ሰውዬውም ሱሪው እስኪያልቅ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚጠብቅበት በር የሚዘጋ ክፍል ይፈልጋል። ክፍል ነበረን። እናንተ ደግሞ ከለከላችሁ፤ «ገበያ ላይ ቦታ ተከራይታ ትሥራ» አላችሁ።

ነሐሴና ጳጉሜ ሳሉጎቹ ለዕንቁጣጣሽ የሚመለሱበት ጊዜ ነው። እታለም የሰጠችውን ቃል ማጠፍ ስላልሆነላት መርፌና ክሯን ይዛ ወንዙ ዳር፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ሰው ከማያይበት ቦታ እየሄደች በእጇ ትሰፋ ጀመር። መኪናዋን ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። በመኪና በሩብ ሰዓት የሚያልቀው በእጅ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እኔ ከክረምቱ ማጠናከሪያ ትምህርት ስመለስ እርሷ ገና እዚያ ነበረች፤ ፀሐይ ስትጠልቅም እዚያው ነበረች። የወንዝ ዳር አመሻሽ በዚያ ወር ምን እንደሚመስል ቆላ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ትኩሳቱ ሲይዛት «ድካም ነው፣ ሁለት የሳሉግ ሱሪ ብቻ ቀርቶኛል» አለች። ሁለቱን ጨረሰች። ሐኪም ቤት የደረስነው ከዚያ በኋላ ነው።

እርስዎ ገደሏት አልልም። ይህን ብል እርሷ ራሷ ትቆጣኛለች። የነደፈቻት የወባ ትንኝ ናት፤ ትንኟ ደግሞ ሥራዋን ለመሥራት ከየትኛውም አከራይ ፈቃድ አልጠየቀችም። እኅቴ ግን ጠየቀች። እኔ የምለው ይህንኑ ብቻ ነው። የጠየቀችው በር የሚዘጋ ክፍል ነበር፤ ክፍሉም የራሷ ነበር።

አራተኛ። በለቅሶው ወቅት ወንበር ስላወጡልን፣ አንድ ጆንያ ማሽላ ስለሰጡን፣ በቀብሯ ላይም ስላለቀሱ አመሰግናለሁ። ይህኛው ምስጋና እውነተኛ ነው፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳይቀላቀልብዎ ለይቼ አስቀመጥሁት። ያ እንባ ከየት እንደመጣ ብዙ አስቤበታለሁ፤ አሁንም አላወቅሁትም። አሥራ ሁለተኛው ቀን አልፎ፣ ከትናንት በስቲያ አባቴ የገለጉን የጭነት መኪና ሊሳፈር ሲወጣ፣ በሩ ላይ አስቁመው «ልጁ የሚቆይ ከሆነ መኪናዋን ይሽጣት፤ ውሳኔ ውሳኔ ነው» አሉት። አባቴ ቆቡን አውልቆ «እሺ ጌታዬ» አለዎት። እኔ በሕይወቴ አባቴ ለሰው ቆቡን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። በእኔ ስም የተባለ እሺ ስለሆነ በዚህ ደብዳቤ መልሼ ወስጄዋለሁ።

መኪናዋን አልሸጥም። ከክፍሏም አላወጣትም። ኪራዩን በቀኑ እከፍላለሁ፤ በሌሊት አልሰፋም፤ ግቢ የመጥረግ ተራዬ ሲደርስ እጠርጋለሁ። ከዚህ የተረፈውን፣ በከፈልሁበት ክፍል ውስጥ እጄንና እግሬን ምን እንደማደርግበት፣ የምወስነው እኔ ነኝ። በኪራይ ውላችን ላይ ስለ እግሬ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ነገ በስብሰባችሁ ላይ ካስፈለግሁ ሩቅ አይደለሁም። ከበረንዳዎ ሃያ እርምጃ ላይ፣ በሥራ ላይ እገኛለሁ። ድምፁን ተከትሎ መምጣት ይቻላል።

በሐምሌው ማስታወቂያ የተቀጣ፣ በነሐሴው አመሻሽ የተማረ፣ በመስከረሙ ቀብር የጎለመሰ፣ በጥቅምቱ ስብሰባ ግን የማይፈራ ታዛዥ ያልሆነ ተከራይዎ፣

ጀምበሩ
ሦስተኛዋ ክፍል፣ ከበርሜሉ አጠገብ

የግርጌ ማስታወሻ፦ ትናንት ብቻዬን አድሬ የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ተነሥቼ እንደ ልማዴ ሁለት ዳቦ ገዛሁ፤ አንዱን ለሙባረካ ልጆች ሰጠሁ። የእታለምን አልጋ አነጠፍሁ። ከዚያ ሳትጨርሳቸው የቀሩትን ልብሶች አወጣሁ። ከመካከላቸው በቢጫ ክር የተቋጠረ አንድ ሱሪ አገኘሁ፤ የሳሉጎቹን ስታስቀድም ኪሱ ግማሽ ላይ ቀርቷል። የሳሉግ ሱሪ አይደለም፤ ሳሉግ ሱሪ አያስተኩስም፤ የዚህ መስመር ግን እስከ ዛሬ እንደ ምላጭ ነው። ይህ ሱሪ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በሰባተኛው ቀን በፌስታል ተጠቅልሎ፣ «ቶሎ፣ ለጎንደር መንገድ ነው፤ ለማንም እንዳይነገር» ተብሎ በሰው እጅ ሲመጣ እኔው ነበርሁ የተቀበልሁት። ባለቤቱ ከሰባቱ ፈራሚዎች አንዱ ነው። የማን እንደሆነና ኪሱ የት እንዳለ አልናገርም፤ የእኅቴ ሥራ እንዲህ ነው።

በሩንና መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትሁ፤ ኪሱ እንዳይታይ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ተቀመጥሁ፤ ረገጥሁ። ሙባረካ በባዶ እግሯ ሮጣ መጥታ ደጃፉ ላይ ቆመች። ድምፁን ስትሰማ እታለም መስላት ነበር። እኔ መሆኔን አየች። ተመልሳ ሄደችና ማበጠሪያዋንና የጎረቤት ልጅ ይዛ መጥታ በደጃፌ ላይ ሹሩባ መሥራት ጀመረች። ኪሱን ጨረስሁት፤ ስፌቴ እንደ እርሷ ቀጥ ያለ አይደለም፣ ግን ይይዛል። ሱሪውን አጣጥፌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥሁት። ባለ ቢጫ ክሩ በቀን፣ በትልቁ በር በኩል፣ በራሱ እግር መጥቶ ይውሰድ። ከዚያም ቀጣዩን ልብስ አነሣሁ።