እማ ቤት የፈለቀው ውሃ

ይድረስ ለወንድሜ ለጀይላን፤ አሰብ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድምዓለም፣ እንዴት ከርመሃል? ያ የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለፈው ያመመህ ወገብህስ ተሻለህ? ቶይባስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? ጥርሱን መንቀል ጀመረ ያልኸኝ ትልቁ አዲስ አበቀለ ወይስ እንደ ሽማግሌ ገንፎ እየመረጠ ነው? አላህ ከክፉ ዓይን ይጋርዳቸው። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆት በቀር ደህና ነን» ማለት ደንብ መሆኑን አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን ደንቡን ጠብቄ ልጽፍ ብዬ እጄ እንቢ አለኝ፤ ተወው። ናፍቆቱ አለ፤ ደህናው ነው የጠፋ።

ወደ አዲሱ መንደር መግባታችንን ጽፌልህ ነበር። ያኔ ያልነገርሁህ መንደሩ እንዴት እንደተሠራ ነው። በሲባጎ ነው የተሠራ። ከአውራጃ የመጣው ካድሬ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ላይ ከሾላው ግርጌ አስያዘ፣ ሌላውን ቁልቁል ወደ ቦርከና አስጎተተና «ቤት ሁሉ በዚህ መስመር!» አለ። ሰው ሲሰለፍ ዓይናችን ለምዶታል፤ ቤት ሲሰለፍ ግን ያየነው ያኔ ነው። ቀጥሎ የውሃ ሰዎች መጡ። ገደሉ ሥር ያለውን ምንጭ ገድበው ውሃውን በቧንቧ ታች ወደ መንደሩ መቅጃ፣ ወደ ቦኖው፣ ሊያወርዱ ነው። ደግ ሥራ ነው፤ ምን ይወጣለታል። ነገር ግን እነሱም ቀጥ ያለ መስመር ይወዳሉ። የሲባጎውን ፈለግ ተከትለው ቆፈሩና፣ የእማ ቤት ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ቦዩ በጓሮው ግድግዳ ሥር ገብቶ በበሩ በኩል ወጣ። «በሰው ቤት ሥር ቧንቧ ይቀበራል ወይ?» ብዬ ብጠይቅ፣ አለቃቸው ትሕትና በተሞላበት ቃል «እኅቴ፣ ዕቅዱ ላይ እዚህ ቦታ ቤት የለም» አለኝ። እማ እንግዲህ ዕቅዱ ላይ በሌለ ቤት፣ በውሃ ላይ ተኝታ ከረመች። ለእሷ ግን አንድ ጠብታ አይደርሳትም፤ እንደ ሰው ሁሉ ከቦኖው በጀሪካን ነበር የምታስቀዳው።

የእማን ነገር አንተ ታውቃለህ። ከቀድሞው ቀያችን ስንወጣ ያለቀሰችው ለቤቱ አልነበረም፤ ከአባ መቃብር አጠገብ ላለችው ምንጭ ነበር። ውዱእ የምታደርገው ከዚያች፣ የታመመ ሕፃን የምታጥበው ከዚያች፣ የከፋት ቀን ሄዳ የምትቀመጠው እዚያች ዘንድ። አዲሱ መንደር ከገባን ወዲህ እህል አልወርድላት አለ። ለይሉኝታ ትቀምሳለች እንጂ አትበላም። ከሚሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኋት፤ ገላልጦ አያትና «በሽታ የለባትም፤ ትብላ» አለኝ። አለመብላቷን ልነግረው እኮ ነው የሄድሁ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሴቶቹ እማ ቤት ወዳጃ ተቀምጠዋል። ጫቱ ተቀጥፎ፣ ዱዓው ደርሶ፣ አሚን አሚን እየተባለ ሳለ ከእማ መስገጃ ሥር መሬቱ ወረዛ። ቀጥሎ እርጥበቱ ውሃ ሆነ። ቀጥሎ ፈለቀ። አሻ፣ ያቺ ድምፀ ወፍራሟ ጎረቤታችን፣ «ቢሻን ዱፌ! ቢሻን ዱፌ!» ብላ ብድግ አለች፤ ውሃ መጣ መባሉን ሰምቶ መንደሩ ሁሉ ግር ብሎ ገባ። ሼህ እንድሪስ ተጠሩ። ጣታቸውን ነከሩ፣ ቀመሱና «አላህ ያወጣውን ውሃ ከየት መጣህ አይሉትም» ብለው ዱዓ አደረጉ። እማ ግን ከየት እንደመጣ ታውቅ ነበር። «የአባታችሁ ምንጭ ነው» አለች። «መንገዱን ጠይቆ ጠይቆ ደረሰልኝ።» የዚያን ዕለት ማታ ገንፎ በላች። ሳህኑን ጠርጋ በላች።

በማግስቱ ቦኖው ዘንድ ወረድሁ። እንደ ክንድ ይወርድ የነበረው ውሃ እንደ መርፌ ክር ቀጥኗል። የቧንቧ ሠራተኛ እኅት ነኝና ይህን ለመተርጎም ሌላ ዒልም አላሻኝም። ተመልሼ «እማ፣ ይኸ እኮ ቧንቧው ፈንድቶ ነው» አልኋት። «ይፈንዳ» አለችኝ። «ይኸ ሁሉ ሰው ቤት እያለለት መርጦ ከእኔ መስገጃ ሥር ለምን ፈነዳ?» ሲባጎው ነው ልላት አሰብሁ። በእናትና በአላህ መካከል ገብቶ ለሲባጎ የሚሟገት ልሆን ነው ብዬ ተውሁት።

ከዚያ ወዲያ ቤቷ ከሰው አልተለየም። ከጨፋ ሮቢት ገበያ የሚመለስ ሁሉ ጎራ ይላል። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ባለቤት ለተማርያም እንኳ ጠርሙስ ይዛ መጣች። «ደግሞ አንቺም?» ብላት፣ «እናንተ ዘንድ ሲፈልቅ በረካ፣ እኛ ዘንድ ሲፈልቅ ጸበል፤ ወገቤ እንደሆነ ሃይማኖት አይጠይቅም» አለችኝ። ታች ያሉት ቦኖው ቀጠነ ብለው ቀን ሙሉ ሲያማርሩ ይውሉና፣ ማታ በእማ በር ተሰልፈው ያንኑ የጎደለባቸውን ውሃ መርቀው ቀድተው ይሄዳሉ። እማ በሩ ላይ ተቀምጣ «ቅዱ ልጆቼ፣ አይጎድልም» ትላለች። ጉንጯ ሞላ፤ ሳቀች። እኔም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ለጥቂት ሳምንት ዓይቼ እንዳላየሁ ሆንሁ።

ጭቃ ቤት ግን በረካን ከፍሳሽ አይለይም። የጓሮው ግድግዳ ከሥሩ ራሰ፤ ምሰሶው ሰመጠ፤ እጄን የሚያስገባ ስንጥቅ ከማዕዘኑ እስከ ጣራው ወጣ። ሌሊት ቤቱ እንደ ሽማግሌ ያቃስታል ይላሉ ጎረቤቶቹ። ተነሥቼ ከሚሴ ውሃ ቢሮ ሄድሁ። በሩ ላይ «አስቸኳይ ጥገና» የሚል ተጽፏል፤ ጽሑፉ ራሱ ጥገና ይፈልጋል። ውስጥ ያገኘሁት ሰውዬ ሁሉን ሰማኝና «የፈነዳው ከቤት ውጭ ነው ከቤት ውስጥ?» አለኝ። ከቤት ውስጥ ነው አልሁት። «ከቤት ውስጥ ያለ ቧንቧ የባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ያስጠግን።» ባለቤቷ እኮ ቧንቧ የላትም ብለው፣ «ከሌላት ታዲያ ምኗ ፈነዳ?» ብሎ እንደ ረታ ሰው ወንበሩን ደገፍ አለ። ጠጋኝ የሚባለው ዋለ የሚሉት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ስብሰባ ላይ ነው ተባልሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አብዶ ዘንድ ብሄድ፣ አንገቱን ነቀነቀና «መሊካ፣ ቧንቧው የመንግሥት ነው፤ ቤቱ የገበሬው ነው፤ መሬቱ የሕዝብ ነው። ውሃው የማን እንደሆነ ግን መመሪያ አልደረሰንም» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልነበረም።

በደቦ እንቆፍረው ብዬ ወንዶቹን ሰበሰብሁ። ዶማና አካፋቸውን ይዘው መጡ። እማ መስገጃዋን ዘርግታ ውሃው አጠገብ ተቀመጠችና «ከመስገጃ ላይ እናቱን የሚያነሣ ወንድ የቱ ነው? ይቅረብና መልኩን ልየው» አለች። እርስ በርስ ተያዩ። ከውሃው ጠጡ፣ አስመረቁና አካፋቸውን ተሸክመው ሄዱ። ሼህ እንድሪስን ብቻቸውን አግኝቼ እባክዎ እርስዎ ይንገሯት ብላቸው፣ «ልጄ፣ ቧንቧ መሆኑንስ እኔም አውቃለሁ» አሉኝ። «ነገር ግን እናትሽ እህል የቀመሰችው ይኸ ውሃ ከመጣ ወዲህ ነው። ምን ብዬ ልንገራት?»

ዋለ ታኅሣሥ ሲያልቅ በእግሩ መጣ። የቢሮው ሞተር ብስክሌት ቤንዚን የላትም። ትልቁን የቧንቧ መፍቻ እንደ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ጥሎ ሲመጣ ልጆቹ ለምልመላ የመጣ መስሏቸው ተደበቁ። ደግ ሰው ነው፤ እማን «እናቴ» ብሎ ጉልበት ስሞ ነው የጀመረ። ላይ ወደ ምንጩ ወጣና ሳራቺኔስካውን፣ የውሃውን መዝጊያ፣ ጠምዝዞ ዘጋ። እማ ቤት ያለው ውሃ ትንሽ ቆየና እንደ ተጠራ ሰው ወደ ውስጥ ገባ። አልጮኸችም። ራሷ ተነሥታ መስገጃዋን አጠፈች። ዋለ ቆፍሮ ቧንቧና ቧንቧ የሚያያይዘውን ማኒኮቶ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘውና፣ እንድታምን ብሎ፣ ጭቃውን ጠርጎ መዳፏ ላይ አኖረላት። አገላብጣ አየችው። «ብረት ነው» አለች። «ልጄ፣ ብረቱን ታዲያ ማን አዘዘው?» ዋለ መፍቻውን አንሥቶ ወደ ጉድጓዱ ተመለሰ።

መከራው ከዚህ ወዲያ ነው፣ ወንድምዓለም። ዋለ የሚተካው ማኒኮቶ የለውም። ከሚሴ ግምጃ ቤት ውስጥ አለ፤ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ግን ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ ቁልፉን በኪሱ ይዞት ሄዷል። በሩ እንዳይሰበር የመንግሥት ንብረት ነው። «መቼ ይመጣል?» ብለው «ሰውዬው ሲመለስ» አለኝ። ሰውዬው ሰሜን ግንባር ነው። ስለዚህ ላይ ያለው መዝጊያ እንደተዘጋ፣ ጉድጓዱ ግድግዳው ሥር አፉን እንደከፈተ ቀረ። በባሕር ዛፍ ግንድ ደግፎልን ሲሄድ ወደ ጎን ወሰድ አደረገኝና «የበልጉን ዝናብ አይችልም፤ አሮጊቷን አውጧት» አለኝ።

አትወጣም። የእኔ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው፤ አትመጣም። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ቆዳዋን አንጥፋ፣ ጆሮዋን ወደ መሬት አድርጋ ትተኛለች። «ድምፁ አለ፤ ሩቅ ነው እንጂ አለ» ትለኛለች። እህሉን መልሳ ተወችው። መንደሩ ሁሉ እንደገና ቦርከና ይወርዳል፤ ውሃው ድፍርስ ነው፤ የልጆቹ ሆድ መታመም ጀምሯል። «መሊካ የመንግሥት ብረት አምጥታ በረካውን አባረረችው» ይሉኛል፤ በጀርባዬ ሳይሆን ፊት ለፊቴ፣ ሰላምታ ሰጥተው። እማ ግን አልረገመችኝም። «አንቺ ምን ታደርጊ፤ የተማርሽ ነሽ» አለችኝ። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ልመናዬ ይኸ ነው። አንተ ቀን ሙሉ ቧንቧ የምትገጥም ሰው ነህ፤ አንድ ማኒኮቶ ፈልገህ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ከሚሴ በሚመጣ ሾፌር እጅ ስደድልኝ። ሾፌሩ ከሚሴ የሙሀመድኑር ሱቅ ብሎ ይጠይቅ፤ ባለቤቴን የማያውቅ የለም። ዕቃው በእጄ ከገባ ዋለ በአንድ ቀን እገጥመዋለሁ ብሎኛል፤ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ ግድግዳው ይያዛል። ከዕቃው ጋር ለእማም የማነብላት ቃል ላክ። የእኔን አትሰማም፤ ፊደል ባስቆጥርም ቧንቧ ቀብሬ አላውቅም። «ጀይላን ቧንቧ ነው ካለኝ አምናለሁ» ብላለች። ብታምንህ ከዚያ ቤት ትወጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይዛ እንደምትኖር ግን አላውቅም። ባታምንህ ግድግዳው አለ። ስንት ቀን አስቤ፣ ከሁለቱ የሚሻለውን አጣሁት። ባንተ ላይ የጣልሁት ጠቢብ ስለሆንህ አይደለም፤ ሩቅ ስለሆንህ ነው።

ሙሀመድኑር «ወንድሜ ወገቡን ይጠንቀቅ» ብሏል። ልጄ ኡሚ እጅህን ትስማለች፤ ስለ ባሕሩ ጠይቂልኝ፣ ሰው ሁሉ ይቀዳዋል ወይ ብላለች። ሼህ እንድሪስ ዱዓቸውን ልከዋል። አሻ፣ ድምጿ እስከ አሰብ ባይደርስ ይደንቀኛል፣ ሰላም ብላለች። ቶይባንና ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ።

እማም ሰላም ብላሃለች፤ ዓይንህን ሳላይ አልሙት ብላለች። የማኒኮቶውን ልክ እንድታውቀው ከቧንቧው ዙሪያ በክር ለክቼ ከደብዳቤው ጋር አጥፌዋለሁ። ክሩን ከነጠላዋ ጫፍ የመዘዘችው እሷ ናት። ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ሁሉን ሰማችና፣ ቧንቧው ላይ ስጠመጥመው ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ትንሽ ላላ አድርጊው፤ ጠብ ይበልልኝ» አለችኝ። ላላ አላደረግሁትም። የላክሁልህ ክር ትክክለኛው ልክ ነው።

እኅትህ መሊካ

ከጨፋ ሮቢት በላይ፣ ከአዲሱ መንደር፤ ከሚሴ፣ ወሎ
ጥር 19 ቀን 1981 ዓ.ም.