ከዛፉ ወዲያ

ሐሙስ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ፣ ቤት

ሰብለ ሻንጣውን እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ በረበረችው። የአባቷን የዓይን ጠብታ በእጅ ቦርሳዬ ውስጥ አኖረች፤ ወፍራም ካልሲም ጨመረች። «የምንሄደው ሙቀት አገር አይደለም እንዴ?» አሏት ጋሽ በለጠ። «አባዬ፣ ፕሌኑ ውስጥ ይበርዳል!»

ጋሽ በለጠ አከራዬ ናቸው። አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛው ከዳር ወደ መሐል እየጨለመ ነው። ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ይደረጋሉ። የጠፋው እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ የቀረውም ላይተርፍ ይችላል። ስለዚህ አስቀድመው ማየት የሚፈልጉት አንድ ነገር አለ፤ ሜክሲኮ ጫካ ውስጥ ያለውን፣ የጥንት ማያዎች የሠሩትን የድንጋይ ቤተ መቅደስ። በጥገና ሠራተኛነት በቆዩበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ከውኃ ማሞቂያው አጠገብ፣ ሥዕሉ ያለበት ካላንደር ተሰቅሎ ነበር። ዓመቱ ቢያልፍም አላወረዱትም።

ሰብለ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች መሪያቸው ሆኜ የምሄደው እኔ ነኝ። በሩ ላይ ለብቻዬ ያዘችኝ። «ፕሊስ ታምሩ፣ የቤተ መቅደሱ ደረጃ ላይ እንዳይወጣ። ቢወድቅ የቀረችውን ዓይኑንም ያጣታል። አደራ!»

እሺ አልሁ። የሚያስፈሩኝ፦ አውሮፕላኑ፤ ድንበር ላይ የሚጠይቁኝ፤ ጠብታውን መርሳት። ከሁሉም በላይ አደራው።

ዓርብ

ደረስን። የድንበር ሠራተኛዋ ፎቶዬንና ፊቴን ደጋግማ ስታስተያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልሁ። ጋሽ በለጠ ክንዴን እንደያዙ፣ «መሪው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» አሉኝ።

ሆቴሉ ውስጥ የክፍላቸውን ቁጥር ማንበብ አቃታቸው። በጣታቸው ዳበሱት። በዚህ ግን አልቀለዱም።

ነገ እሳቸው ያላዩትን የምነግራቸው እኔ ነኝ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቃሉን ከየት አመጣለሁ?

ቅዳሜ

ጫካው በድንገት ገለጥ አለና ቤተ መቅደሱ ፊት ለፊታችን ቆመ። ጋሽ በለጠ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ በጠበበች እይታቸው ከታች ጀምረው ወደ ላይ ቀስ እያሉ አዩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

«ጋሽዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ልወጣ ነዋ።»

የሰብለን አደራ ነገርኋቸው። «ሰብለ ደግሞ እናቴ ሆነች?» አሉ። ለመንኋቸው፤ አልሰሙኝም።

«ታዲያ ጫማው ለምን ይወልቃል? የእኛ ቤተ ክርስቲያን አይደለም እኮ!»

«ሰው አምላኩን የጠራበት ደጅ ነው። በጫማ አልረግጠውም።»

ካልሲያቸውንም አወለቁ። የቀትር ፀሐይ ድንጋዩን አግላው ነበር። እኔ ከኋላ ወገባቸውን ይዣለሁ። ጥቂት እንደወጡ «ውይ! ውይ!» ብለው ትከሻዬ ላይ ተንጠለጠሉ። አንድ ጠባቂ ሮጦ መጣና ጫማቸውን አንሥቶ እንዲያደርጉ በምልክት ለመናቸው። በአክብሮት አመስግነው ራሳቸውን በእንቢታ ነቀነቁ። አውርጄ ጥላ ውስጥ አስቀመጥኋቸውና የቀላ እግራቸው ላይ ውኃ አፈሰስሁ።

እፎይ ብዬ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን እፎይታዬ አሳፈረኝ።

«በል አንተ ውጣልኝ» አሉና ሰብለ የጨመረችውን ወፍራም ካልሲ ከእጅ ቦርሳዬ አውጥተው ሰጡኝ። ጫማዬን አውልቄ በራሴ ካልሲ ላይ ደርቤ አጠለቅሁት። ከፍታ እፈራለሁ። ወደ ኋላዬ ሳልዞር፣ ድንጋዩን በእጄ እየያዝሁ ወጣሁ።

ጫፍ ስደርስ ድምፃቸው ከታች መጣ።

«ታምሩ! ምን ታያለህ?»

«ዛፍ!»

«ከዛፉ ወዲያስ?»

«ዛፍ!»

«አራት ዓመት ሙሉ ያስተማሩህ ዛፍ ብቻ ነው እንዴ?»

ሳልወድ ሳቅሁ፤ ስስቅም ፍርሃቱ ቀለል አለኝ። ደግሜ አየሁ። በዛፎቹ መሐል የሌላ ቤተ መቅደስ አናት ብቅ ብሏል። ከእሱ በስተግራ የዛፍ ሥር ያቀፈው ግንብ አለ። ጉብታ የመሰለኝ ሁሉ ጉብታ አልነበረም፤ አፈር የለበሰ ቤት ነው። ከተማው እዚያው ነው፤ ዛፍ በቅሎበታል እንጂ። ይህንን ሁሉ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼ ነገርኋቸው። ጎብኚዎቹ ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር። አላፈርሁም።

እሑድ

ሰብለ ኤርፖርት ጠበቀችን። የአባቷን አረማመድ ገና ከሩቅ አይታ ወደ እኔ ዞረች። «ወጣ እንዴ?»

«ጥቂት ደረጃ» አልሁ። መዋሸት አልቻልሁም።

«ታምሩ! አደራ ብዬህ!»

«ተይው» አሉ ጋሽ በለጠ። «እኔ እንደሆንሁ እስከ ላይ ወጥቻለሁ። እግሩ የእሱ ነበር።»

እስከ ቤት ድረስ አላናገረችኝም።

ማክሰኞ፣ ሆስፒታል

ኦፕራሲዮኑ አልቋል። ዓይናቸው ታሽጓል፤ ማየት አለማየታቸው ነገ ሲፈታ ይታወቃል። ሰብለ እጃቸውን ይዛ ተቀምጣለች። ለእኔም ወንበር ሳበችልኝ።

የተኙ መስሎኝ ነበር።

«ታምሩ፣ መስኮት አለ?»

«አለ፣ ጋሽዬ።»

«ምን ታያለህ?»

ከሆስፒታሉ በታች ያለው የሸለቆ ጫካ ነበር የሚታየኝ። «ዛፍ» አልሁ።

ከንፈራቸው ፈገግ አለ። «ከዛፉ ወዲያስ?»

ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና፣ ሳልቸኩል፣ ከግራ በኩል ጀመርሁላቸው።