እንዳልሰማ የሆንኩበት ቀን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እንደምን ከረማችሁ? ክረምት በመጣ ቁጥር የሚይዝሽ የትከሻ ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ ወይስ እንደ ልማዱ የስፌት መኪናው ፊት አላስቀምጥ አለሽ? አባባስ ዓይኑ እንዴት ነው? መነጽሩን ያደርጋል ወይስ አሁንም ኪሱ ውስጥ ይዞት እየዞረ ጠፋብኝ ይላል? ባለቤትሽ፣ ልጆችሽ፣ ከግቢው በር እስከ ጓሮ ያላችሁት ሁሉ ደኅና ናችሁ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር በአካሌ ደኅና ነኝ። በአካሌ ያልኩት አስቤበት ነው፤ ሌላው ሌላው ደኅና ስላልሆነ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እትዬ፣ ደብዳቤዬ ሲደርስሽ እንደምታደርጊው አባባን ወንበሩ ላይ አስቀምጠሽ፣ ልጆቹን ሰብስበሽ፣ ጉሮሮሽን ጠርገሽ ጮክ ብለሽ እንዳትጀምሪ። ይህችኛዋን መጀመሪያ ብቻሽን አንብቢያት። ጀምረሽም ከሆነ ድምፄ ዘጋኝ በይና ተነሺ። የምነግርሽ የሚያኮራ ነገር አይደለም።

ከሥራዬ ልጀምር። እስከ ዛሬ በባሕር ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነኝ እያልኩ ስጽፍላችሁ ኖሬአለሁ። ጨርሶ ውሸት እንዳይሆንብኝ ቃሉን መርጬ ነው፤ ባሕሩም አለ፣ ትራንስፖርቱም ቢሆን በፕላስቲክ ጀልባ አለ። የሌለው መሥሪያ ቤቱ ነው። እኔ የምሠራው አሸዋ ላይ በቆመች ጣሪያዋ ቆርቆሮ በሆነ የኪራይ ቤት ነው። ለአንድ ለሁለት ቀን ሊዝናኑ ለሚመጡ ሰዎች ጀልባ፣ መቅዘፊያ፣ ውሃ ላይ ቆመው የሚቀዝፉበት ሰሌዳ፣ የመጥለቂያ መነጽርና የመንሳፈፊያ ጃኬት እናከራያለን። ጠዋት ጀልባዎቹን ከመጋዘን እየጎተትኩ አሸዋው ላይ እደረድራለሁ። ሰው ሲመጣ መታወቂያውን ለመያዣ እቀበላለሁ፣ ተንበርክኬ ጃኬቱን በልኩ አስርለታለሁ፣ ጀልባዋን ወደ ውሃው እገፋለታለሁ። አመሻሽ ላይ ሰው ለመጥለቅ ለብሶት የዋለውን የጎማ ልብስ በንጹሕ ውሃ አጥቤ አሰጣለሁ። ሽታውን አልነግርሽም።

ያቺ አባባ ሳሎን የሰቀላት ፎቶ፣ አንቺ የሰፋሽልኝን ጥቁር ሱፍ ለብሼ ትልቅ የመስታወት በር ፊት የቆምኩባት፣ በሩ የእኛ አይደለም። የኢንሹራንስ ቤት በር ነው፤ ዘበኛው አንዴ ብቻ ብሎ ነው የፈቀደልኝ። ሱፉ ከዚያ ወዲህ ከመጋዘኑ ሚስማር ላይ ወርዶ አያውቅም። የሥራ ልብሴ ቁምጣ ነው፣ እትዬ። ቢጫ ቁምጣ፣ ከጉልበት በላይ የቀረ፣ ከኋላው የዳክዬ ሥዕል ያለበት። ከልጅነቴ ወዲህ ጉልበቴን ያየ ሰው የለም ብዬ ስኮራ የኖርኩት ሰውዬ አሁን አገር ምድሩ ያየኛል። ዋናም አልችልም፤ ውሃው ከደረቴ ካለፈ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ለዚህም ነው የሥራ ባልደረቦቼ ካፒቴን ብለው የሚጠሩኝ።

አሠሪያችን ጸጉሯ የሸበተ፣ ድሮ የዋና አስተማሪ የነበረች ሴት ናት። ትጮሃለች እንጂ ክፉ አይደለችም። አንድ የማትደራደርበት ሕግ አላት፤ ማንም ሰው ስለ ነፋሱ ሳይነገረው፣ ተነግሮትም በራሱ አፍ ሳይደግመው ጀልባ አይነካም። እዚህ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ነው የሚነፍሰው። ክፋቱ ደግሞ ዳር ለቆመ ሰው ውሃው የተኛ ይመስለዋል። ትንሽ ፈቀቅ ያለ ግን ሳይታወቀው እየተገፋ ይሄዳል። ስለዚህ ከቀይዋ ተንሳፋፊ ኳስ አትለፉ፣ ነፋስ ከገፋችሁ ቁጭ በሉ እንጂ አትቁሙ፣ ብትገለበጡ ጀልባዋን አትልቀቁ እንላቸዋለን። ሦስት ነገር ናት፤ ሕፃን ልጅ ይይዛታል።

ያለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ ቤተሰብ መጣ፤ ባል፣ ሚስትና ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ። ገና ከሩቅ ድምፃቸውን ስሰማ ልቤ ድንግጥ አለ። የኛው ሰዎች ናቸው። እናትየዋ ልጅቷን፣ አሸዋ ሳይገባበት ጫማሽን አውልቂው ብዬሽ አልነበር ትላታለች፤ ልክ አንቺን። ሌላ ሰው ቢሆን ሮጦ ያቅፋቸው ነበር። እኔ ቁምጣዬን ወደ ታች ጎተት ጎተት አደረግኩ። ታውቂው የለ፣ የኛ ሰው ሁለት ጥያቄ ከጠየቀ በሦስተኛው የማን ልጅ እንደሆንክ ይደርስበታል። ሳምንት ሳይሞላው ወሬው አባባ ጆሮ ይገባል ብዬ ፈራሁ።

ባልየው መታወቂያውን ሲሰጠኝ ፊቴን አየት አድርጎ፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ የአገራችን ልጅ ነህ እንዴ አለኝ። እንዳልገባው ሰው ግንባሬን ቋጠር አድርጌ በዚህ አገር ቋንቋ ምን አልከኝ አልኩት። ሚስቱ፣ ተወው ባክህ፣ መስሎህ ነው አለችው። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እስካሁን ይገርመኛል።

ከዚያ ሕጉን ነገርኳቸው፤ በሰው አገር ቋንቋ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ከፊቴ ዞር እንዲሉልኝ። ሰውየው ቋንቋውን የሚያውቀው ለሰላምታ ያህል ነው። በየቃሉ ራሱን እየነቀነቀ እሺ፣ እሺ ይለኛል። ድገምልኝ አላልኩትም። ሚስቱ ቀስ ብላ፣ የሚለው ገባህ እንዴ አለችው። እሱም፣ ኧረ ምኑም አልገባኝ፣ ግን ሰውየውን ስንቴ ድገምልን ልንለው ነው፣ ከኋላችንም ሰው ቆሟል፣ ያሳፍራል አላት። ይህን ሲባባሉ እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ የልጅቷን ጃኬት ቀበቶ እያሰርኩ ነበር። አንድም ቃል አላመለጠኝም። አሠሪዬ ብትሆን ራሱን ሲነቀንቅ አይታ ገብቶታል ብትል አይፈረድባትም። እኔ ግን ያን እሺ አውቀዋለሁ። ሰው እንዳይሰለቸኝ፣ ደደብ ነው እንዳይለኝ ብዬ ስንት መሥሪያ ቤት፣ ስንት ሐኪም ፊት እኔው ራሴ ብየዋለሁ። ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይበቃቸው ነበር። አላልኳቸውም። ጀልባዋን ገፋሁላቸውና መልካም ጊዜ አልኳቸው፣ እሱንም በሰው ቋንቋ።

እናትየዋ ዳር ቀርታ ፎቶ ታነሣ ጀመር። አባትና ልጅ መጀመሪያ ክብ እየዞሩ ይሳሳቁ ነበር፤ ልጅቷ ውሃ እየረጨች፣ አባዬ ወደ ፊት እኮ ነው የሚቀዘፈው እያለች ታሾፍበታለች። እኔም ተመስገን፣ ተገላገልኩ ብዬ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞርኩ። ቀና ስል ቀይዋን ኳስ አልፈዋል። ሰውየው መቅዘፊያውን እንደ ማማሰያ ይዞ ይታገላል፤ ጀልባዋ የምትሄደው ግን ወደ ኋላ ነው። ሳቁ ቆሟል።

ፊሽካ ነፋሁ። አሠሪዬ ሰምታ ወደ ባለሞተሯ ጀልባ ሮጠች። እኔ ድምፅ ማጉያውን አንሥቼ ቁጭ በሉ፣ አትቁሙ ብዬ ጮኽኩ። በምን ቋንቋ ብትይኝ፣ በዚያው በሰው ቋንቋ። እትዬ፣ ባሕር ሰው ሊወስድ እያየሁ እንኳ ያሰብኩት ለራሴ ነው። ሦስት ጊዜ እንደዚያ ጮኽኩ። ሰውየው ድምፄን ሲሰማ እንዲታይ ብሎ ይሁን እርዳታ ሊጠራ፣ ብድግ ብሎ ቆመና እጁን ማወዛወዝ ጀመረ። ጀልባዋ ተገለበጠች።

ከዚያ በኋላ እኔ አልነበርኩም። ጀልባዋን እንዳትለቅ፣ ልጅቷን በጃኬቷ ቀበቶ ያዛት፣ አይዞህ ወንድሜ ጃኬቱ ያንሳፍፋችኋል፣ እየመጡ ነው፣ እያልኩ ዳርቻውን በአማርኛ አናወጥኩት። ለካ ሳላውቀው ውሃ ውስጥ ገብቼ እስከ ደረቴ ደርሻለሁ። ሰውየው ወዲያው ሰማኝ። በአንድ እጁ ጀልባዋን፣ በአንድ እጁ የልጅቷን ቀበቶ ጨምድዶ ያዘ። ዳር ሆና ስትጮህ የነበረችው እናት አማርኛዬን ሰማች። ዞር ስል ባሕሩን ትታ እኔን ታየኛለች።

አሠሪዬ ደርሳ ሁለቱንም አወጣቻቸው። ውሃ ጠጥተዋል፣ ደንግጠዋል እንጂ እግዚአብሔር ይመስገን ክፉ ነገር አላገኛቸውም። ልጅቷ በፎጣ ተጠቅልላ ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ አባዬ ኮፍያህን ዓሣ ወሰደው ትለዋለች። ሰውየው መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝና አመሰገነኝ። ምነው በጥፊ ባለኝ። ምንም አልጠየቀኝም። የጠየቀችኝ ሚስቱ ናት። ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ቅድም ስንነጋገር ትሰማን ነበር አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ለምን እንደሆነ ልነግራት ብፈልግም ቁምጣዬ ነው፣ አባቴ ሳሎን ያለው ፎቶ ነው ይባላል እንዴ? መሬት መሬት አየሁ። እሷም፣ እህት የለህም እንዴ አለችኝ።

የለኝም አልኳት።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት የፈጀሁት ለዚህች አንዲት ቃል ነው። የቁምጣውንና የፎቶውን ነገር ስቀሽ ታልፊው ነበር፣ አውቅሻለሁ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ በጀርባሽ ያዘልሽኝን፣ ትምህርትሽን ትተሽ የስፌት መኪና እየረገጥሽ ያስተማርሽኝን አንቺን ግን የለችም አልኩ። ለምን አልክ ብትይኝ፣ አለችኝ ካልኩ ያሳደገችኝ እህት በእኔ ትታማለች ብዬ ነው መሰለኝ። ይሄም ማመካኛ ነው። ሴትየዋ ጎንበስ አለች። የልጇን ጫማ አንሥታ አሸዋውን አራገፈች፣ መታወቂያቸውን ተቀብለውኝ ሄዱ። አድራሻቸውን እንኳ አልያዝኩም፤ ይቅርታ ልጠይቅ ብል የት አገኛቸዋለሁ?

አመሻሽ ላይ አሠሪዬ ጠርታኝ፣ ምን ብለህ ነው የጮህከው፣ ያኔ እንዴት ቶሎ ገባው አለችኝ። ሳላስቀር ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ፊሽካውን ከአንገቴ አወለቀችው። እስከ ወሩ መጨረሻ ደንበኛ ፊት አልቆምም፤ መጋዘን ውስጥ ጃኬት እያጠብኩ፣ የተበጠሰ እየሰፋሁ ነው። አልተቀየምኳትም። ሦስቱን ሕጎች በአማርኛ ትልልቅ አድርጌ በሰሌዳ ላይ ልጽፍ ስላት ግን ፈቀደችልኝ። በሩ ላይ ሰቅየዋለሁ፤ የሚያነበው እስኪመጣ ባልደረቦቼ ምንድን ናት ይቺ ሥዕል እያሉ ይስቁብኛል።

መጀመሪያ ላይ ብቻሽን አንብቢ ብዬሽ ነበር። እዚህ ስደርስ ሐሳቤን ለወጥኩ። አንቺ ጋ ብቻ ከቀረ፣ ነገ ሌላ ያገሬ ሰው ሲመጣ ያንኑ ቁምጣ ስጎትት ልገኝ ነው። ስለዚህ አባባን ወንበሩ ላይ አስቀምጪው፣ ልጆቹንም ጥሪ፣ ጉሮሮሽንም ጥረጊና ከላይ ጀምሮ አንብቢላቸው። የለኝም ያልኩባትን አትዝለያት። ትዘልያታለሽ ብዬ የምፈራው አንቺን ነው፤ ለእኔ ብለሽ ስትደብቂልኝ ነው የኖርሽው።

አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ። ባለ ሱፉን ፎቶ አውርዶ በፖስታው ውስጥ የላክሁትን ይስቀል፤ ባልደረባዬ ነው ያነሣኝ፣ ቁምጣዬን ለብሼ፣ መቅዘፊያ ይዤ፣ ዳክዬው እንዲታይ ጀርባዬን ሰጥቼ ፊቴን ወደ ኋላ መልሼ። ካፈረብኝ አይስቀለው፣ ግን መነጽሩን አድርጎ አንዴ ይየኝ። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ፤ እሱ እንኳ ስለ መሥሪያ ቤቴ አብዝቶ ሲጠይቀኝ ጠርጥሮኝ እንደነበር አውቃለሁ። ትልቁ ልጅሽ አጎቴ የመርከብ ኃላፊ ነው ብሎ ትምህርት ቤት አውርቶ ከሆነ ይቅርታ ጠይቂልኝ። ለትንሿ ዳክዬውን አሳዪያት፤ እሷስ ትወደዋለች።

ያንቺን ሰላምታ መጨረሻ ያደረግኩት የምነግርሽ ስላለኝ ነው። የዚያች ልጅ ጃኬት ቀበቶ ባለፈው ወር ተበጥሶ ነበር። እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ ልጅ ሆኜ አጠገብሽ አስቀምጠሽ ባስተማርሽኝ ሄዶ በሚመለሰው ድርብ ስፌት። አባቷ አንጠልጥሎ የያዛት በሱ ነው። ትናንት ጃኬቱን ሳጥብ ገልብጬ አየሁት፤ አንዲት ክር አልሳሳችም። የለችኝም ያልኳት እህቴ ለካ እዚያው ውሃው ውስጥ ልጅቷን ይዛት ነበር።

ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ

ከጀልባ ኪራይ ቤቱ መጋዘን
ነሐሴ 17 ቀን